ለሽሮ ነጋዴው አራት ደቂቃ

እኔ በተፈጥሮዬ አቤት የምል ሰው አይደለሁም። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ፖሊስ ሚዛኔን ወስዶብኛል፤ አባይ ሞልቶ ሱቄ ድረስ ገብቶ ሁለት ጆንያ ስኳር ጠጥቶብኝ ሄዷል፤ የአንድ ባለሥልጣን ሾፌር የሱቄን በር በመኪና ገጭቶ «በርህ ወደ መንገድ ወጣ ብሏል» ብሎ ሲቆጣኝ፣ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ወረቀት አንስቼ «በደል ደረሰብኝ» ብዬ አልጻፍኩም። ለማን ልጻፍ? ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰውዬና ሾፌሩ የአክስት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ በሃያ ዓመት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ብድግ ብዬ አቤቱታ አስገባሁ። በማን ላይ መሰላችሁ? በካርቱም ውስጥ አቤቱታ ሊገባባቸው ከማይገባ ሰዎች መካከል አንደኛ በሆነች ሴት ላይ።

ጊዜው ለውጡ የመጣበት ጊዜ ነው። ሕዝቡ አደባባይ ውሎ አድሮ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠውን መንግሥት ካነሳ ወዲህ ከተማው በሙሉ አቤት ባይ ሆነ። የዳቦ ወረፋ ላይ ያለው አቤት ይላል፤ ዳቦ ጋጋሪው አቤት ይላል፤ ዱቄት ያመጣው ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከሁለቱም በላይ አቤት ይላል። እያንዳንዱ ሰፈር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሱዳኖቹ ለጅና ይሉታል። የዳቦ ለጅና፣ የቆሻሻ ለጅና፣ የጋዝ ለጅና። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከገበያ ሲጠፋ የሰፈሩ ወጣቶች ስም፣ ሰፈርና ስልክ መዝግበው፣ አስፈርመው፣ ሲሊንደሩን በተራ ያድሉ ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲታማ መስማት ደስ ይለኛል። በእነዚያ ልጆች ላይ ግን የሚታማ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የዘመዳቸውን ስም እንኳ ከተራው አያሳልፉም።

ከለውጡ ጋር የመጣ ሌላም ነገር አለ። አንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ስሙን እዚህ ባላነሳው ይሻላል፣ በከተማው ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በየቋንቋቸው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሰጠ። የእኛ የአማርኛው ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዓርብ ደግሞ ሪያድና ካፉሪ በሚባሉት የካርቱም ሀብታም ሰፈሮች በየቪላው የሚሠሩት እህቶቻችን የሚያርፉበት ቀን ነው። ሲያርፉ ሱቄ ይመጣሉ። ሬዲዮኑን ከሚዛኑ አጠገብ አቁሜ ድምፁን ለቀቅ ሳደርገው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የሚል የለም። ቆሞ የሚሰማ ሰው ዓይኑ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ዓይኑ ያረፈበትን እጁ ይከተላል። ፕሮግራሙን ስለዚህ እወደው ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ በኋላ ነው የመጣው።

አቅራቢዋ ምህረት ትባላለች። ወላጆቿ በስደት መጥተው እዚሁ ካርቱም የወለዷት ናት። አማርኛዋ እንደ እኛ ኑሮ ነው፤ ግማሹ ከአገር ቤት፣ ግማሹ ከዚህ። «ከኩብሪው በላይ ያለው ሻሪዕ ዝግ ነውና ረክሻ የምትይዙ ሰዎች በጀሪፍ በኩል ያላ ዙሩ» ትላለች። ድልድዩም መንገዱም ባጃጁም ሁላችን አፍ ላይ ባለው ስማቸው ነው የሚጠሩት።

አንድ የሥራ ደንብ ነበራት። ሁለት ሰዎች ከተጣሉ ለሁለቱም እኩል ደቂቃ ትሰጣለች፤ በሰዓት ትለካለች። አከራይ አራት ደቂቃ፣ ተከራይ አራት ደቂቃ። የትራፊክ ፖሊስ አራት ደቂቃ፣ የገጨው ረክሻ አራት ደቂቃ። አንድ ጊዜ ካፉሪ ያለች አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት ደብቃ አልሰጥም አለች። ምህረት ለልጅቷ አራት ደቂቃ ሰጠች፤ አሠሪዋንም ደውላ አራት ደቂቃ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ሁለቱን ደቂቃ ስትቆጣ ቆየች፤ በሦስተኛው የምትለው አለቀባት፤ በአራተኛው «ነገ መጥታ ትውሰድ» አለች። ፓስፖርቱ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቪላው ያሉ ሴቶች ያንን ግማሽ ሰዓት እንደ ወንድማቸው ያዩት ነበር።

እና ሁሉም ወገን ይከሳታል! የወረደው መንግሥት ወዳጆች «የአብዮተኞቹ አፍ ናት» ይላሉ። አብዮተኞቹ ደግሞ የታሰሩትን ሹማምንት አሁንም «እሳቸው» እያለች ስለምታነሳ ቅር ይላቸዋል። እሷ ግን ሹሙንም እሳቸው፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠዋንም እሳቸው ነው የምትለው። ሚኒስትር በሥልጣኑ እያለ ከሻይ ሻጭ እኩል አንቱ ሲባል ይከፋዋል፤ ከታሰረ በኋላ ደግሞ አንቱ መባሉ ሌላውን ይከፋዋል። ሴትዮዋ ሁለቱንም አስከፍታ ትተኛለች።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ነው አንድ ዓርብ የሽሮው ነገር የተነሳው።

ሦስት ሴቶች በየተራ ደወሉ። ነገሩ አንድ ነው፦ «ጀሪፍ ካሉ የሐበሻ ሱቆች የምንገዛው ሽሮ ድሮ የምናውቀው አይደለም። ማሽላ ዱቄት ይቀላቅሉበታል። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በማንኪያ ሳይሆን በቢላ ነው የሚነሳው።» ምህረት አመስግና «ነጋዴዎቻችን ይህን ይስሙ» ብላ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች።

ሱቄ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ነበር። አሥራ አምስት አንገት ወደ እኔ ዞረ። «ካሉ ሱቆች» ነበር የተባለው፤ ጀሪፍ ውስጥ ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች ሦስት ናቸው። አንዱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሌላው ባለቤት ገዳሪፍ ሄዶ ሁለት ወር ሆኖታል። የቀረውን እናንተው አስሉት።

ማሽላ እቀላቅል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ አሁን ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል። በቦታው እንደርስበታለን።

ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ብርቄ ናት። ብርቄ ሪያድ አንድ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤት ናት፤ እኩያዬ ናት፤ ምላሷ ግን ቀድሞኝ ተወልዷል። «እኔኮ እጄ ወጥ መሥራት ረሳ ብዬ ራሴን ስረግም ነበር የከረምኩት!» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነጋዴ ሲሰደብ መጀመሪያ የሚስቀው እሱ መሆን አለበት። ውስጤ ግን በገነ።

ጥጉ ላይ ባለችው ወንበር ጋሽ ታደሰ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ታደሰ አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ በፖለቲካ ምክንያት ተሰደው መጥተው አሁን ለሰዎች ወረቀት በመተርጎም ይኖራሉ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ተበድለሃል» አሉኝ።

«እንዴት ጋሽ ታደሰ?»

«ገዢ ተጠየቀ፤ ሻጭ አልተጠየቀም። ለፓስፖርት ደባቂዋ አራት ደቂቃ የሰጠች ሴት ላንተ አንዲት ደቂቃ ነፍጋሃለች። ይህ ሚዛን መሳት ነው። አቤቱታ ማስገባት መብትህ ነው።»

መብትህ የምትል ቃል በዚያን ዓመት ካርቱም ውስጥ ተላላፊ ነበረች። እኔንም ያዘችኝ። ወረቀት አመጣሁ፤ እሳቸው ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ እኔ ነበር፤ አምሮበታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ጨመረ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ስለ ቋንቋዋ ነው። ስንት ዓመት ጆሮዬን ስታቆስለው ዝም ብያለሁ። አማርኛን ከአረብኛ እየቀላቀለች ታበላሻለች።»

«የኔ ጉዳይኮ ሽሮ ነው።»

«አንተ ብቻህን ስለ ሽሮህ ብትጮህ ለጥቅምህ ነው ይሉሃል። ቋንቋ ሲጨመርበት ግን የአገር ጉዳይ ይሆናል።»

ይህን አባባል እንደ ነጋዴ ወደድኩት። ዕቃው ቀለል ሲል የሚጨመርበት ነገር አይጠፋም። እሺ አልኩ። ቅልቅልን በመቃወም የተጻፈውን ገጽ፣ ቅልቅል ዱቄት ከሞላበት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ፈረምኩት። (ይኸው፣ አመለጠኝ። ለማንኛውም ንባቡን ቀጥሉ።)

ጋሽ ታደሰ «ፊርማ ብታሰባስብበት ይከብዳል» አሉኝ። ስለዚህ አንድ ንጹሕ ወረቀት አሰመርኩ፤ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን ከታች፣ የስም ወረቀቱን ከላይ አድርጌ ሚዛኑ አጠገብ አኖርኩት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሰው ተጋፋ! እስክሪብቶ ተሻማ! እኔ ገና «ስለ ሬዲዮው ጉዳይ...» ብዬ አፌን ስከፍት «እሺ፣ እሺ፣ የት ጋ ነው?» እያሉ ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ መክፈቱንም ተውኩት። ሰው እንደዚህ ያዘነልኝ መስሎኝ ልቤ ተነካ። ሃያ ዓመት በታማኝነት ያገለገልኩት ሕዝብ ለካ ውለታ አይረሳም አልኩ። ብርቄ ለራሷ ፈርማ ለጎረቤቷም ልትፈርም ፈለገች።

«መቼ ነው የሚደርሰው?» አለችኝ።

«ለሚቀጥለው ዓርብ ኢንሻላህ።»

«ባዶውን ይዘን እንምጣ?»

የሽሮ ቆርቆሮዋን መሰለኝ። «ይዘሽ ነይ» አልኳት። በማግስቱ ሌሎችም ጠየቁኝ፤ ለሁሉም «ይዛችሁ ኑ» አልኩ። መልካም ሽያጭ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ኩብሪውን ተሻግሬ ጣቢያው ሄድኩ። አቤቱታ የሚቀበል ትልቅ ሰው እጠብቃለሁ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተገኘችው ራሷ ምህረት ናት። የራሷን ክስ ራሷ ተቀብላ ማኅተም ትመታለች። ቆማ አነበበችው፤ ሁለቱንም ገጽ። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ጋሼ፣ አንደኛው ገጽ ሐቅዎ ነው» አለችኝ። «ሻጩን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ጥፋተኛ ነኝ።»

ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ጥፋተኛ ነኝ ከሚል ሰው ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ተከራክሬ አላውቅም።

«ሁለተኛው ገጽስ?» አልኩ።

ሳቅ ብላ «ማሊሽ» አለች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው፤ ይቅርታውንም በአረብኛ። «ዓርብ ደብዳቤውን አነብበዋለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ የእርስዎ አራት ደቂቃ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የፈረሙበትን አንብበውታል?»

«ወላሂ» አልኩ። ይህቺ ቃል ካርቱም ውስጥ ምን ያህል ረክሳ እንደምትሸጥ ታውቃላችሁ።

ዓርብ ደረሰ። ገና ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ ብርቄ ከረክሻ ላይ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር እያወረደች ነው። ሌላ ረክሻ መጣ፤ ሁለት ሲሊንደር። አንዷ ከካፉሪ ድረስ በጋሪ ጭና አመጣች። አሥር ሰዓት ሲሆን የሱቄ ፊት የጋዝ ፋብሪካ መስሏል።

«ምንድን ነው ይህ?» አልኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ባዶውን ይዛችሁ ኑ ያልከው?»

«ምን የሚያደርግላችሁ ባዶ?»

«የሚሞላ ነዋ! ስማችንን ጽፈን፣ ስልካችንን ጽፈን፣ ፈርመን!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ፊርማ። የጋዝ ለጅናው ወረቀት ላይ ያሉት መስመሮችም እነዚሁ ናቸው፤ ወጣቶቹም ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያስቀምጡት ሱቅ ውስጥ ነው። እኔ ለአቤቱታ ያሰመርኩትን ወረቀት ሰው ለጋዝ ፈርሞታል። በዚያን ወቅት ካርቱም ውስጥ ወረቀት አይቶ ያልፈረመ ሰው ጥሬ ይበላል፤ ማን ያነባል?

ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሬዲዮው ቀደመኝ። ምህረት በዚያ በረጋ ድምፅዋ፣ «በዚህ ፕሮግራም ላይ ከአድማጮች የቀረበ አቤቱታ ደርሶናል፤ እንዳለ አነብባለሁ» አለች። አነበበች። አንድ ቃል አልዘለለችም። ስለ ራሷ «የአድማጭን ጆሮ የሚያቆስል፣ ለሙያው የማይመጥን አንደበት» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ይልቁንም ጋሽ ታደሰ ነጠላ ሰረዝ ያደረጉበት ቦታ ላይ አሳምራ አረፈች። እኔ ስሰደብ እንደዚያ አሳምሬ ማንበብ ይቅርና መስማትም አልችልም። ቀጥሎ ስሞቹ መጡ። «ብርቄ፣ ከሪያድ...»

ብርቄ ሲሊንደሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ?» አለች። «እኔ ምን አደረግሁ?»

ስሞቹ ሲያልቁ ሌላ ድምፅ ገባ፤ የጣቢያው ሙዲር፣ ማለት ዋናው ኃላፊ። በአረብኛ ተናገረ፤ ምህረት ተረጎመች። «ከለውጡ ወዲህ ቃሉ የሕዝብ ነው። ይህን ያህል አድማጭ የሚቃወመውን ፕሮግራም ጣቢያችን ማስተላለፍ አይችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሮ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ፣ የአማርኛው ፕሮግራም ይቋረጣል።» የራሷን መዘጋት በዚያው ድምፅ ተርጉማ፣ ቀጥላ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ነግራን፣ ሰላም ሁኑ ብላ ወጣች።

ሱቄ ፈነዳ።

«ዘጋህብን!» አለች ብርቄ። «አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ስም ዘጋህብን! ነገ መዳሜ ፓስፖርቴን ብትወስድ ለማን ልደውል? ለአንተ ሚዛን?»

«ጋዙስ?» አለች ከካፉሪ የመጣችው። እሷ ገና ነገሩ አልገባትም ነበር።

ያን ቀን ሱቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተባለውን ሁሉ ተባለ። የፓስፖርቷ ልጅ ትዝ አለችኝ። ያንን ወረቀት ያሰመርኩት በገዛ እጄ ነው፤ አሳምሬም ነው ያሰመርኩት፤ በማስመሪያ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ምህረት ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ የጋዙን፣ የወላሂዋን። «ይኸው፣ ይህን ቃሌን ቅጂና በሚመጣው ዓርብ አስተላልፊው፤ ፕሮግራሙ ይድናል» አልኳት።

«አልችልም ጋሼ።»

«ለምን?»

«የራሴ ጉዳይ ነው። በራሴ ሰዓት ራሴን ማዳን አይሆንም። ሙዲሩ ዘንድ ይሂዱ፤ እሱ ይፍረድ። እኔ ከክፍሉም አልገባም።»

«እውነት ነው እኮ የምነግርሽ!»

«እውነት ይሁን። ለእኔ የሚጠቅም እውነት ስለሆነ ሌላ ሰው ይመርምረው።»

ነጋዴ ሆኜ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ለሌላው ሲሆን እጥፍ የሚመዝን፣ ለራሱ ሲሆን ጣቱን ሚዛኑ ላይ የማያሳርፍ ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ተናደድኩባት ማለት አልችልም፤ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

ሙዲሩ ዘንድ ብቻዬን አልሄድኩም። ብርቄ ከመዳሟ ግማሽ ቀን ለምና መጣች፤ ሌሎች ስድስት ሴቶችም መጡ። ብርቄ ባዶ ሲሊንደሯን ይዛ ነው የመጣችው። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ይህ አይገባም» አለ፤ «ማስረጃ ነው» አለችው፤ መዝገቡን ገልጦ «ማስረጃ፣ አንድ፣ ባዶ» ብሎ ጽፎ አሳለፋት።

ሙዲሩ ጨዋ ሰው ነው። ስሜን ከነጋዴነቴ ጋር ነገርኩት፤ ሸክዋውን፣ ማለት አቤቱታውን፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የጻፉልኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው አልኩ። ፊርማዎቹን ገልጦ አሳየኝ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ። «ሕዝቡ ፈርሟል። ለሕዝብ ፊርማ ነው ያን ሁሉ ወር ፀሐይ ላይ የቆምነው።»

ብርቄ ሲሊንደሩን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው። የሻይ ብርጭቆው ዘለለ። በዚያ በወጥ ቤት አረብኛዋ፣

«ያ ኡስታዝ፣ አንተ ጌታዬ፣ የፈረምኩት ለዚህ ነው» አለች። «ሙላልኝና ፊርማዬን ውሰድ። ካልሞላህልኝ ፊርማዬን መልስልኝ።»

ሙዲሩ ሲሊንደሩን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም ጋዝ አሉ። ስልክ እያነሳም ከዝርዝሩ ለሌሎች ደወለ። አንደኛዋ ገና «ከሬዲዮ ጣቢያው ነው» ሲላት «ደረሰ?» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። ሙዲሩ ስልኩን አስቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ኮስተር አለ። «ፊርማዎቹ ተሰርዘዋል፤ ፕሮግራሙ ይቀጥላል» አለ። ሴቶቹ እልልታውን ሊያቀልጡት ሲሉ እጁን አነሳ። «የቋንቋው ክስ ከሁለት ሰው አፍ የመጣ ነው፤ ለሁለት ሰው ብዬ የሰፈሩን አንደበት አልቀይርም። የሻጩ ክስ ግን ትክክል ነው። አልተጠየቀም። አራት ደቂቃውን ያገኛል።»

«አልፈልግም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ትቼዋለሁ። ምሕረት አድርጌላታለሁ።»

«መብትህ ነው» አለኝ።

ያቺ ቃል እንደገና!

ሰኞ ዕለት ምህረት መቅረጫዋን ይዛ ሱቄ መጣች። የፕሮግራሟን መዘጋትና መከፈት አላነሳችም፤ አላመሰገነችኝም፤ አልወቀሰችኝም። እንደማንኛውም ሰው ሰዓቷን አየች። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ አሳመርኩት፤ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ጠረፉ፣ ሽሮ ከአገር ቤት ማምጣት ስንት ጣጣ እንዳለው። ለፓርላማ የምወዳደር ነበር የሚመስለው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣

«ጋሼ፣ ሽሮው ውስጥ ማሽላ ይቀላቅላሉ?» አለችኝ።

እንግዲህ ቦታው ላይ ደርሰናል።

አይደለም ማለት እችል ነበር። ወላሂም ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ መጥታ ነበር። ነገር ግን ከፊቴ የቆመችው በራሷ ላይ የተጻፈውን ክስ አንድ ቃል ሳትዘል ያነበበች ሴት ናት። ዝም አልኩ። መቅረጫው ቀይ መብራቱን አብርቶ ያየኛል። ከዚያ፣

«መንገዱ የተዘጋ ጊዜ ጀመርኩ» አልኩ። «መንገዱ ሲከፈት ማቆም ረሳሁ።»

መቅረጫውን ስታጠፋ ለመንኳት። «ቃሌስ ይሁን፤ ያቺን ዝምታ ግን ቁረጪልኝ።»

«የገዢዎቹን አልቆረጥኩም» አለችኝ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሱቄ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሞላ። ሬዲዮው ውስጥ ሁለት ደቂቃ በኩራት ተናገርኩ፤ ጥያቄው መጣ፤ ከዚያ ዝምታ። ስኖርበት አጭር መስሎኝ የነበረው ዝምታ ሲሰሙት አያልቅም። ብርቄ ወደ ሬዲዮው ጠጋ ብላ «ባትሪው አለቀ እንዴ?» አለች። በመጨረሻ የኔው ድምፅ፣ የደከመች ድምፅ፣ ሁሉን ተናገረች።

ብርቄ ዞራ አየችኝ።

«እሷን ቀላቀለች ብለህ ከሰስካት» አለች። «እሷ ስትቀላቅል በሬዲዮ ነው፤ አገር እየሰማት። አንተ ግን ከመጋረጃ ጀርባ!»

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁና ቅልቅሉን ጆንያ እየጎተትኩ አወጣሁ። ንጹሑ ሽሮ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ፊት አቆምኩት። ካርቶን ቀድጄ «ማሽላ ያለበት» ብዬ ጻፍኩና ሰካሁበት። ዋጋውንም ዝቅ አደረግሁ። ሰዎቹ ሁለቱን ጆንያ እያዩ ቆሙ። አንዷ ንጹሑን ገዛች፤ ሌላዋም።

«አንቺስ?» አልኳት ብርቄን፣ ቀና ብዬ ሳላያት።

«ከማሽላዋ መዝንልኝ» አለች። «መዳሜ እንደ ዓሲዳ፣ እንደዚያ እንደ ገንፏቸው ረግቶ ሲመጣላት ወዳዋለች፤ ንጹሑን ብሠራላት ለምን አበላሸሽው ትለኛለች። እኔ የተናደድኩት ሳትነግረኝ ስለሸጥክልኝ ነው።»

መዘንኩላት። ጥጉ ላይ ጋሽ ታደሰ ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እኔ ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር በጥንቃቄ ሰማሁት» አሉ። «አንድም የአረብኛ ቃል ያልገባበት ቦታ ያንተ ዝምታ ብቻ ነው። እግዜር ይስጣት፣ አልቆረጠችውም።»